ቁጥሩ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ የታካሚዋ ካርድ ግን ገፈርሳ ይቀራል

ከገፈርሳ ሪፈር ተጽፎላት አዲስ አበባ የምትሄድ ታካሚ በእጇ የምትይዘው አንድ ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ታክሲ ውስጥ ከጠፋ አለቀ። ደም እንደገና ይቀዳል፣ ራጅ እንደገና ይነሳል፣ ክፍያውም እንደገና ነው።

የሚገርመው፣ የጤና ጣቢያው ወርሃዊ ሪፖርት ጤና ሚኒስቴር የሚደርሰው በኮምፒውተር ነው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን ዲኤችአይኤስ 2 የተባለውን ሶፍትዌር ትጠቀማለች። ሥራውን የሚመራው የኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም አገር ፈቃድ ሳይገዛ ወስዶ ለራሱ ያስተካክለዋል። በእኛ አቆጣጠር፣ ከነጳጉሜን ይሠራል።

ችግሩ በዋናነት የሚያደርሰው ድምር መሆኑ ነው። ስንት ሕፃን ተከተበ የሚለውን ይነግረናል፤ የእከሊት ልጅ የትኛው ክትባት ቀረው የሚለውን ግን ሌላ ቦታ ያለው ሐኪም አያገኘውም።

ለግለሰብ መዝገብም ክፍት ሶፍትዌር አለ። ኦፕን ኤምአርኤስ በ2004 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ኬንያና ሩዋንዳ ውስጥ ሲሠራበት ቆይቷል። ስለዚህ «ሶፍትዌሩ ውድ ነው» የሚለው ምክንያት አያስኬድም። ታዲያ ምንድነው የያዘን?

አንደኛው ስም ነው። ገፈርሳ ላይ በቁቤ የተጻፈ ስም አዲስ አበባ ላይ በፊደል ሲጻፍ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርገዋል። እዚህ ላይ የፋይዳ ቁጥር ሊያግዝ ይችላል። ፋይዳ ራሱ ሞሲፕ በተባለ፣ ሕንድ ውስጥ በተሠራ ክፍት ሶፍትዌር ላይ የቆመ ነው።

ሁለተኛው አስተዳደር ነው። ገፈርሳ በሸገር ከተማ፣ በኦሮሚያ ሥር ነው፤ የምትላክበት ሆስፒታል ደግሞ የአዲስ አበባ ወይም የፌዴራል ነው። ታካሚዋ ወሰኑን በአንድ ታክሲ ትሻገራለች፤ መዝገቧ እንዲሻገር ግን ቢሮዎቹ መስማማት አለባቸው።

ሦስተኛው ምስጢር ነው። ኮዱ ክፍት ነው ማለት ካርዱ ክፍት ነው ማለት አይደለም። የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ያለበት ገፈርሳ ውስጥ ይሄን ማስረዳት አይከብድም፤ አንድ ሰው የት እንደታከመ መታወቁ ብቻ ሥራና ትዳር ሊያሳጣው ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት መድቦታል። ማን ካርዱን ከፍቶ እንዳየ የሚመዘግብ ሥርዓት ከመጀመሪያው ካልተገጠመ ወረቀቱ ይሻለናል።

ነፃ ሶፍትዌር ማለት ወጪ የለም ማለትም አይደለም። ሰርቨር፣ መብራት፣ ኔትወርክና ባለሙያ ገንዘብ ይፈልጋሉ። የውጭ ድጋፍ ደግሞ እንደማያስተማምን በ2017 ዓ.ም. አሜሪካ እርዳታዋን ስታቋርጥ አይተናል።

የእኛ ሐሳብ ይሄ ነው፦ ከአገር አቀፍ ዕቅድ በፊት ከገፈርሳ፣ ከሰበታና ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ በሚጻፈው ሪፈር ይጀመር። አንዲት ወረቀት እንኳ በኮምፒውተር ብትሻገር የብዙ ሰው ድካም ይቀንሳል።

እናንተስ፣ ሪፈር ጠፍቶባችሁ ምርመራ ደግማችሁ ታውቃላችሁ? የሆስፒታሉን ስም ሳትጠቅሱ ጻፉልን።