የቀይ ዳማ፣ ጠይም ወይስ ጥቁር?

አርዕስቱን አይታችሁ «ዛሬ ደግሞ የቆንጆ ምርጫ መጣ!» ብላችሁ የቸኮላችሁ ካላችሁ ይቅርታ፣ ረጋ በሉ። የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሰው መልክ ሳይሆን ስለ ቡና መልክ ነው። ቡና ነው ብላችሁ ግን እንዳትንቁት! በዚሁ በቡና መልክ የተነሳ ጎንደር ከተማ ውስጥ ገና ዓመት ያልሞላው አንድ ትዳር እየተንገጫገጨ ነው። ደብዳቤውን እነሆ። «ስሜን አደራ» ብላናለች፤ እኛም አደራ አንበላም።

«...ዕድሜዬ 24 ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ሲሆን ከማግባቴ በፊት አዲስ አበባ አንድ ካፌ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ ቡና የሚቆላው ልጅ ‹ቡና ሲጠቁር ጣዕሙ ይሞታል› እያለ ብዙ ነገር አሳይቶኛል። ዘንድሮ ለጥምቀት የባለቤቴ እናት ከዳባት መጥተው እኛ ጋ አረፉ። ታቦት ከገባ በኋላ ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ላፈላ ተቀመጥኩ። ለክብራቸው ብዬ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን የታጠበ ይርጋ ጨፌ አወጣሁና ሳላጠቁር፣ ቀላ አድርጌ ቆላሁት። አቦሉን ስሰጣቸው አንዴ ፉት አሉና ስኒውን አስቀምጠው ‹ልጄ፣ ይኸ ቡና ገና አልበሰለም፤ ይጎመዝዛል። ከሰል አነሰሽ ወይስ ቸኮልሽ?› አሉኝ። ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። እኔም እልህ ይዞኝ ‹እማ፣ ቡና የሚጠጣው እንዲህ ነው፤ እርስዎ የለመዱት ያረረውን ነው› አልኳቸው። ባለቤቴ አቀርቅሮ ዝም አለ። ጓዳ ስንገባ ‹እናትህ ፋራ ናቸው!› አልኩት። ለካ ጓዳችንን ከሳሎን የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው... ሰሙኝ። ቶናውን ሳይጠጡ ተነሱ። በማግስቱ በጠዋት መኪና ወደ ዳባት ሄዱ፤ እንደ ወትሯቸውም አልመረቁኝም። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ እቤት ቡና ሲፈላ አብሮኝ አይቀመጥም። ፒያሳ ማኪያቶውን ጠጥቶ ይገባል። እባካችሁ ፍረዱን፤ ትክክለኛው የቡና አቆላል የማን ነው?»

እህቴ ሆይ! ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ጥያቄ አለ። አንዱን ጠይቀሻል፣ ሁለተኛውን ግን ሳትጠይቂ አልፈሽዋል። ከጠየቅሽው እንጀምር።

ምጣዱ ላይ ምን ይሆናል?

ጥሬ ቡና ከመቶ 10 እስከ 12 እጁ ውሃ ነው። ምጣድ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ያ ውሃ መትነን ይጀምራል። አረንጓዴው ፍሬ ቢጫ ይሆናል፤ ሽታው የጭድ፣ ቀጥሎም የሚጋገር ዳቦ ይመስላል። ከዚያ ቡናማ እየሆነ ሲሄድ ውስጡ የታመቀው እንፋሎት መውጫ ያጣና ልክ እንደ ፈንዲሻ ጧ! ጧ! ማለት ይጀምራል። ይህ የመጀመሪያው መንጣጣት ነው፤ የፍሬው ሙቀት ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠግቷል ማለት ነው። ፍሬው ያብጣል፣ ገለፈቱም ይላቀቃል። እሳቱ ከቀጠለ ትንሽ ጸጥ ይላል። ወደ 225 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ ሁለተኛው መንጣጣት ይመጣል፤ የዚህኛው ድምፅ ቀጠን ያለ፣ ጭራሮ ሲሰበር ዓይነት ነው። ቅባቱም ወደ ላይ ወጥቶ ፍሬው ወዝ ይቀባል። እንግዲህ መልኩንም ጣዕሙንም የሚወስነው በነዚህ ሁለት ድምፆች መሐል የት ላይ አወረድሽው የሚለው ነው።

የቀይ ዳማው፦ የመጀመሪያው መንጣጣት እንደተሰማ ወይም ጥቂት ቆይቶ የወረደ ነው። መልኩ ቀረፋ፣ ላዩ ደረቅ። ኮምጠጥ ይላል፣ ሽታው ደስ ይላል። ቡናው የየት አገር ልጅ እንደሆነ አጥርቶ የሚናገረው በዚህ መልኩ ነው፤ የታጠበ ይርጋ ጨፌ ከሆነ አበባ አበባና ሎሚ ሎሚ ይላል፤ በደረቁ የተዘጋጀ ሐረር ከሆነ የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። ጉድለቱ? ስኒ ላይ ቀጠን ይላል፤ ትንሽ ቀድመሽ ካወረድሽው ደግሞ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ይጎመዝዛል።

ጠይሙ፦ የመጀመሪያው መንጣጣት አልቆ ሁለተኛው ሳይጀምር የወረደ ነው። ኮምጣጣነቱ ይለዝባል፤ የተቆላ ለውዝ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ የቸኮላት ዓይነት ጣዕም ይመጣል። ስኒውም ሞላ ይላል። ለሰፊ ቤተሰብ ብዙ ጠላት የሌለው ይኸኛው ነው።

ጥቁሩ፦ ሁለተኛው መንጣጣት ውስጥ የገባ ነው። ወዛም፣ ወፍራም፣ መራራ፣ ጭስ ጭስ የሚል። ኮምጣጣነት የለውም ማለት ይቻላል። ግን እዚህ ሲደርስ የሚቀመሰው ከቡናው ይልቅ እሳቱ ነው፤ ይርጋ ጨፌውም ጅማውም እየተመሳሰሉ ይመጣሉ። ከዚህ ካለፈማ ከሰል ነው!

በነገራችን ላይ «ጥቁር ቡና እንቅልፍ ይነሳል፣ ቀላ ያለው አይነሳም» የሚባለው እምብዛም እውነት የለውም። እንቅልፍ የሚነሳው ካፌይን የሚባለው ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ በመቁላት ብዙም አይቀንስም፣ አይጨምርም። ጥቁሩ ኃይለኛ የሚመስለን ስለሚመር ነው። እንቅልፍ የሚነሳሽ ስንት ስኒ ጠጣሽ፣ ስንት ማንኪያ ቡና ጨመርሽ የሚለው ነው።

ታዲያ አማትሽ ተሳሳቱ?

አልተሳሳቱም! ያስተማረሽ ልጅም አልተሳሳተም። እሱ ያለው ለካፌው ዕቃ ልክ ነው፤ እሳቸው ያሉት ደግሞ ለጀበና ልክ ነው። እንዴት ብትይ...

አንደኛ፣ ሙቀጫው። ቀላ ያለ ቡና ፍሬው ጠንካራ ነው። የካፌው የኤሌክትሪክ መፍጫ እኩል አድርጎ ያደቀዋል። በዘነዘና ሲወቀጥ ግን ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ክክ ይሆናል። ከክኩ ጣዕሙ በቅጡ ስለማይወጣ ስኒው ቀጭንና ጎምዛዛ ይሆናል። የጠቆረ ቡና ግን ተሰባሪ ነው፤ በሁለት በሦስት ምት እንክት ይላል።

ሁለተኛ፣ ውሃው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ስለሚበልጥ ጀበናሽ የሚንተከተከው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 93 ገደማ ላይ ነው። ዳባት ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,800 ይጠጋል፤ እዚያ ውሃው ወደ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ቀላ ያለ ቡና ደግሞ ጣዕሙን የሚለቀው ሞቅ ላለ ውሃ ነው። ለደጋ ውሃ በቀላሉ የሚሸነፈው ጠቆር ያለው ነው። አማትሽ ይህን በቴርሞሜትር አልለኩትም፤ በምላሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲለኩት ኖረዋል።

ሦስተኛ፣ ኑሮው። ከዳባት እስከ ደባርቅ ያለው ደጋ የገብስና የስንዴ አገር እንጂ የቡና አገር አይደለም። ለጎንደር ቅርብ የሆነው ስመ ጥር ቡና እንኳ ጣና ዳር ያለው የዘጌ ቡና ነው። ደጋው ላይ ቡና ከገበያ በስኒ እየተሰፈረ የሚገዛ ነው። ያቺው ጥቂት ፍሬ ለአቦልም፣ ለቶናም፣ ለበረካም መድረስ አለባት፤ ሦስተኛውም ስኒ ላይ መልክና ምሬት እንድትይዝ ጠቆር ትደረጋለች። ምሬቱ ሲበዛ ደግሞ ጨው ጣል የሚያደርጉ አሉ፤ ጨው ምሬትን ያለዝባላ!

ፋራው ማን ነው?

አሁን ወደዚያች ቃል እንምጣ። ያረረ ቡና መጠጣት ፋራነት ከሆነ ጣሊያንም ፋራ ነው! ባልሽ ተኮራርፎሽ የሚጠጣው የፒያሳ ማኪያቶ ከጣሊያን የመጣ ልማድ ነው። ፒያሳውን ራሱን የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጎንደርን ይዘው በነበረበት ጊዜ። የጣሊያን ማኪያቶ ደግሞ የሚወደው ጠቆር ያለ ቡና ነው፤ ወተቱን ዘልቆ የሚሰማው እሱ ነዋ! በአንጻሩ ቀላ ያለውን አቆላል አጥብቀው የያዙት እነ ኖርዌይ ናቸው። እንግዲህ ኦስሎ ያለው ሰው ሮም ያለውን፣ ሮም ያለው ኦስሎ ያለውን «ቡና አያውቅም» ይለዋል። አንቺና አማትሽ ይህንኑ ክርክር ነው አንድ ረከቦት ላይ ያደረጋችሁት።

ደግሞም አትርሺ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ቡና መጠጣት ራሱ ያስነቅፍ ነበር። «የእስላም መጠጥ ነው» ይባል ነበር፤ ቡና አፍልቶ የሚጠጣው ሙስሊሙ ነበር። ነገሩ የላላው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ንጉሡም ጠጡ፣ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ነቀፌታው እንዲቀር ረዱ። ዛሬ የጎንደር ክርስቲያንም ሙስሊምም ያለ ቡና አይውልም። የትናንቱ ነውር የዛሬ ባህል ሆነ፤ የዛሬው አራድነትም ነገ ፋራነት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ፍርዳችን ይኸውልሽ። በቡናው ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። በቃሉ ግን አጥፊዋ አንቺ ነሽ። አማትሽ ቡናሽን ነው የነቀፉት፤ ሰው ፊት መሆኑ ባያስመሰግናቸውም። አንቺ ግን የነቀፍሽው እሳቸውን ነው። እሳቸውም የተነሱት ቡናው ስለጎመዘዛቸው አይመስለንም፤ አቦሉን ቀምሰው ተቀምጠው ነበርና። ያነሳቸው መጋረጃውን ያለፈው ቃል ነው።

ምን ታድርጊ?

ሁለት ስኒ ዕዳ አለብሽ፤ ቶናና በረካ። ፋሲካን ሳትጠብቂ ባልሽን ይዘሽ ዳባት ውጪ። የተቆላ ቡና እንዳትወስጂ! ጥሬውን ውሰጂ። ቤት እንደገባሽ ስለ ቡና አቆላል ማብራሪያ አትስጪ፤ ስለ ከፍታውም ስለ ዲግሪውም ዝም በይ። ጉልበት ስመሽ «እማ፣ በዚያን ቀን የተናገርኩት ነውር ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» በያቸው። «ካስቀየምኩዎት» አትበዪ፤ አስቀይመሻል! ቀጥለሽም «ዛሬ እርስዎ ይቁሉልኝ፣ እኔ ልውቀጥ» በያቸው። ሲቆሉ ጆሮሽን ጣል አድርገሽ አዳምጪ፤ ሁለተኛው መንጣጣት ላይ የት ድረስ እንደሚሄዱ ታውቂያለሽ። ሦስቱንም ስኒ ጠጪ። በረካው ላይ ካልመረቁሽ ጻፊልን።

እቤትሽ ሲመጡ ደግሞ ዘዴው ቀላል ነው። ምጣዱን መካከለኛ እሳት ላይ ጣጂ፣ ማማሰሉን አታቋርጪ። እሳት ሲበዛ ላዩ አሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ያኔ ምሬቱንም ጉምዘዛውንም አንድ ላይ ታገኚዋለሽ። መጠራጠር ከመጣ አንድ ፍሬ ሰብረሽ ውስጡን እዪ። የመጀመሪያው መንጣጣት ሲበርድ ለራስሽ የሚሆነውን ጭልፍ አድርገሽ ሰፌድ ላይ በትኚው፤ ተከምሮ ከቆየ በገዛ ሙቀቱ መብሰሉን ይቀጥላልና። የቀረውን ለእሳቸው አጥቁሪው። ሁለት ጀበና ካለሽ ሁለት ዓይነት፤ ከሌለሽ ጠይሙ ላይ ታረቁ።

ከሁሉ በላይ ግን ባህላችን መፍትሔውን ድሮ አዘጋጅቶልን ነበር። ቡናው ሲቆላ ምጣዱን ይዘሽ እንግዶቹን ጭሱን ታሸቺ የለም? ያቺ ደቂቃ ለሽታ ብቻ አይደለችም። እማ ፊት ስትደርሺ ጎንበስ ብለሽ «ይብቃው ወይስ ትንሽ ልጨምርበት?» ማለት ነው። ይህን በጥምቀቱ ዕለት ብትጠይቂ ኖሮ ዛሬ እኛ ዘንድ ባልመጣሽ ነበር።

ለባልየውም አንዲት ቃል አለችን። አንተ ወንድማችን፣ ያን ዕለት ማቀርቀርህ ሁለቱንም ሴቶች ብቻቸውን ጥሏቸዋል። «እማ፣ እሷ የተማረችው በዚህ መንገድ ነው፤ ሁለተኛውን ደግሞ ላንቺ ታጠቁርልሻለች» ብትል ጎረቤት ሁሉ ስቆ ባለፈ ነበር። አሁንም የፒያሳውን ማኪያቶ ተወውና እቤትህ ተቀመጥ። ኩርፊያ እንደ ምጣድ ላይ ቡና ነው፤ ሳያወርዱት በቆየ ቁጥር ይጠቁራል።

ሌሎቻችሁም አንባብያን የቤታችሁ ቡና የቀይ ዳማ ይሁን፣ ጠይም ወይስ ጥቁር ጻፉልን። እስከ ሳምንት ቡናችሁም ቃላችሁም አይረር! ቸር ሰንብቱ።