የግድግዳው ሥዕል የማን ነው?

ባለፈው እትማችን አንዲት ትንሽ ሥዕል አውጥተን ነበር። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ጊዜ በአዲስ አበባ አንድ አጥር ላይ የተለጠፈ የቅስቀሳ ፖስተርና ከፊቱ ቆማ የምታነብ ሴት የምታሳይ ናት። ሥዕሊቱን በስቴንስል ላይ የጫረው ከአዘጋጆቹ አንዱ ሲሆን፣ የጫራትም አንድ የትምህርት ጓደኛችን ያነሣውን ፎቶግራፍ እያየ ነው። የጓደኛችንን ስም አላወጣንም፤ ፈቃዱንም አልጠየቅንም። ወረቀቱ በታደለ ማግስት ወደ ክፍላችን መጥቶ «ይህ የኔ ፎቶግራፍ አይደለምን?» ሲል ጠየቀን። እኛም ሳናስብ «ፖስተሩ የተለጠፈው በአደባባይ ነው፤ የአደባባይ ነገር የሁሉም ነው» ብለን መለስንለት። አንድ ቃል ሳይጨምር ወጣ።

ያ መልስ ዕረፍት ስለ ነሣን ዛሬ በዚሁ ገጽ ልንመረምረው ተነሥተናል።

መልሳችን ግማሽ እውነት አለበት። የምርጫ ፖስተር የሚለጠፈው እንዲታይ ነው፤ ታይቶ የተቈጣ ፓርቲ የለም። ነገር ግን ለመታየት መውጣት ሌላ፣ ባለቤት ማጣት ሌላ ነው። በአንድ የፖስተር ፎቶግራፍ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ደክመዋል፤ ይኸውም ፖስተሩን የነደፈውና ፎቶግራፉን ያነሣው ናቸው። በፖስተሩ ላይ የተመራጩ ፎቶግራፍ ካለ ደግሞ ሦስተኛ ሰው ይጨመራል። እኛ ግን ሦስቱንም «አደባባይ» በሚል አንድ ቃል ሸፈንናቸው።

የአገራችን ሕግ እንዲህ አይልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ከሚጠበቁት ሥራዎች መካከል ይቈጥራል፤ የጥበቃውንም ዘመን ሥራው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ያደርገዋል። እንግዲህ በ2013 ዓ.ም. የተነሣው የጓደኛችን ፎቶግራፍ እስከ 2038 ዓ.ም. ባለቤት አለው ማለት ነው። በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስ መጠየቅም መብቱ ነው።

በሌላውም ዓለም «አደባባይ» የሚለው ቃል ብቻውን በር አይከፍትም። የጀርመን ሕግ በመንገድና በአደባባይ በቋሚነት የሚገኙ ሥራዎችን ፎቶግራፍ አንሥቶ ማሰራጨት ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ክሪስቶና ዣን ክሎድ የተባሉት ባልና ሚስት ሠዓልያን እ.ኤ.አ. በ1995 የበርሊኑን ራይኽስታግ ለሁለት ሳምንት በጨርቅ ጠቅልለውት ነበርና፣ ያን የሚያሳይ ፖስት ካርድ ታትሞ በተሸጠ ጊዜ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራው ቋሚ አይደለምና ያለ ፈቃድ ሊሸጥ አይገባም ሲል ፈረደ። ምርጫ ሲያልፍ የሚነሣ ፖስተርስ ቋሚ ነው ይባላልን?

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን የአሜሪካው ነገር ነው። ሼፓርድ ፌሪ የተባለ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2008 የሚስተር ባራክ ኦባማን ፊት በቀይና በሰማያዊ ቀለም አወጣ፤ ከሥሩም «ተስፋ» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ጻፈ። ፖስተሩም በዓለም ሁሉ ታወቀ። በኋላ ሲታይ ሥዕሉ የተቀዳው ማኒ ጋርሲያ እ.ኤ.አ. በ2006 ለአሶሺየትድ ፕሬስ የዜና ወኪል ሲሠራ ካነሣው ፎቶግራፍ ነበር። ሠዓሊው አሻሽዬ አዲስ ሥራ አድርጌዋለሁ አለ፤ የዜና ወኪሉም የኔ ነው አለ፤ ፎቶግራፍ አንሺውም በተራው የኔ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ክርክር እ.ኤ.አ. በ2011 በስምምነት ስላለቀ ማን ትክክል እንደ ነበረ ዳኛ አልወሰነም። ሠዓሊው ግን በክርክሩ መካከል ከሌላ ፎቶግራፍ ነው የቀዳሁት ብሎ የሐሰት ማስረጃ አቅርቦ፣ እውነተኛውንም አጥፍቶ ተገኘ። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2012 የሁለት ዓመት ገደብና የ25,000 ዶላር መቀጫ ተፈረደበት።

ልብ በሉ፤ የተቀጣው ስለ ቀዳ አይደለም፤ የቀዳበትን ስለ ሸሸገ ነው። እኛም ያደረግነው፣ ምንም እንኳ ፍርድ ቤት ባንቆም፣ ከዚያው ዓይነት ነው።

ከመካከላችን «ይህ የሀብታም አገርና የትልልቅ ድርጅቶች ሕግ ነው፤ ድኻ ተማሪን ምን አገባው?» የሚሉ አሉ። ድርጅት ጠበቃ አለው፤ ገንዘብም አለው። የትምህርት ጓደኛችን ግን በፎቶግራፉ ላይ ካለው ስም በቀር ሌላ ምን አለው? ስሙን ያስቀረንበት እኛው ነን።

ደግሞ ሌሎች ፈርተው «እንግዲያውስ የፖስተር ፎቶግራፍ ከነጭራሹ አናውጣ» ይላሉ። ይህም ጥፋት ነው። ፖስተርን ዝናብ ይበላዋል፤ ፀሐይም ያነጣዋል፤ በላዩም ሌላ ይለጠፍበታል። ነገ የታሪክ ተማሪ «እነዚያ ፓርቲዎች ለሕዝቡ ምን ብለው ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት ፎቶግራፉ ብቻ ነው። ቃል የገቡትን ሁሉ ከረሳንላቸው ማንን ጠቀምን?

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ እንሠራለን። ከማውጣታችን በፊት ያነሣውን ሰው እንጠይቃለን። ስሙን፣ የተነሣበትን ቦታና ቀን፣ የፖስተሩንም ባለቤት ከሥሩ እንጽፋለን። በሥዕሉ አንነግድም። ባለመብት ቀርቦ ቢቃወም ቃሉን በዚሁ ገጽ እናወጣለን። የሕግ መምህሮቻችንም ከተሳሳትን እንዲያርሙን በአክብሮት እንለምናለን።

ለጓደኛችንም ያን ቀን የሰጠነውን መልስ እናነሣለን። ፎቶግራፉ ያንተ ነው። ከፈቀድህልን በሚመጣው እትም ከነስምህ እናወጣዋለን፤ ካልፈቀድህም ቦታውን ባዶ እንተወዋለን።