በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፦ ስለተራቆተው አፈርና ስለሚራቆተው አካል

ባለፈው ጥቅምት ወር በኦስሎ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በላምበርትሴተር በተካሄደው የጥናት ክበባችን ስብሰባ ላይ የኢትዮጵያን አፈር መራቆትና በሕዝባችን ጤና ላይ ያስከተለውን ጉዳት የሚመለከት አንድ አጭር ጽሑፍ ለውይይት ቀርቦ ነበር። ጽሑፉ ተነቦ ገና ሳያልቅ አንድ የተከበሩ ወንድማችን ተነሥተው፣ «ስለ ዚንክና ስለ ሴሌኒየም ማውራት የጠገበ ሰው ወግ ነው። የእኛ ሕዝብ ጥያቄ ሆዱን የመሙላት ጥያቄ ነው፤ ማዕድኑ ከጥጋብ በኋላ ይደረስበታል» ሲሉ ተቃወሙ። ከተሰብሳቢውም ጥቂት የማይባለው አጨበጨበ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጭብጨባ የተሰጠ መልስ ነው።

ወንድማችንን እናከብራለን፤ አባባላቸውን ግን አንቀበልም። ስሕተቱ የሚጀምረው ረሃብን ለሁለት ከፍሎ አንዱን የሆድ፣ ሌላውን የላቦራቶሪ ረሃብ አድርጎ ከማየት ነው። የጎጃም ገበሬ ልጅ ከእኩዮቹ አጥሮ ሲቀር፣ ፊደል መለየት ሲያዳግተው፣ የአያቱ አንገት በእንቅርት ሲያብጥ፣ በዚያ ቤት እንጀራ አልነበረም ማለት አይደለም። እንጀራው በሞሰቡ ውስጥ ነበረ። እንጀራው ከአፈር ይዞት ሊመጣ ይገባው የነበረው ነገር ግን አፈሩ ላይ ስላልነበረ አልመጣም። እህልን በቁና ብቻ የሚሰፍር ሰው ይህን ጉድለት አያየውም፤ ባያየውም አይፈረድበትም። አይቶ «ይቆይ» የሚል ግን ይፈረድበታል።

በሌላው ላይ ጣታችንን ከመቀሰራችን በፊት ራሳችንን እንሒስ። የተማሪው ንቅናቄ በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ሲወጣ ያነሣው ጥያቄ ትክክል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅም ጭሰኝነትን ሲሽር የብዙ መቶ ዓመት ቀንበር ተሰበረ። ነገር ግን በእነዚያ ሁሉ የክርክር ሌሊቶች፣ በእነዚያ በስቴንስል በተባዙ ጽሑፎች ሁሉ «መሬቱ የማን ነው?» ሲባል «በመሬቱ ውስጥ ምን ቀርቷል?» ያለው ስንት ሰው ነበር? የዚያ ንቅናቄ ወራሾች ነን የምንል እኛስ ዛሬ ስንቶቻችን ነን የምንጠይቀው? አዋጁ ባላባቱን ከማሳው አስወጣ፤ ጎርፉን ግን አላስወጣም። ባላባቱ ቢያንስ የሚወስደው እህሉን ነበር፤ ጎርፉ እህል የሚያበቅለውን ይወስዳል።

ምን ያህል እንደሚወስድ የተጠና ነው። የስዊሱ ሊቅ ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጥናት ከሚታረሰው የደጋ መሬታችን በአማካይ በየሄክታሩ 42 ቶን አፈር በየዓመቱ እንደሚታጠብ ገምቷል። የሚታጠበውም የላይኛው ነው፤ ፍግና ቅጠል በስብሶ የኖረበት፣ የተክል ሥር የሚመገብበት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላል የአገራችን ሰው፤ ይህም እንደዚያው በየክረምቱ ጥቂት በጥቂት የሚሆን ስለሆነ አያስደነግጥም። ዓባይ በነሐሴ ቀልቶ ሲወርድ ግጥም የምንጽፍለት እኛም ያ ቀለም የልጆች አጥንትና ደም መሥሪያ መሆኑን አናስተውልም።

ጎርፉ ብቻውን አይደለም። ዛፉ ካለቀ ወዲህ ኩበቱ ወደ ማሳ መመለሱ ቀርቶ ወደ ምድጃ ገባ፤ ከገበሬው ምድጃም አልፎ ወደ ከተማ ገበያ ተሸጠ። ገለባው ለከብት ወይም ለጭቃ ማቡኪያ ይሄዳል። መሬት ጦሙን አድሮ የሚያገግምበት ዘመን በመሬት ጥበት ምክንያት አልፏል። እንግዲህ በየዓመቱ ከማሳው ይወጣል፣ ወደ ማሳው የሚመለስ ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ የሆላንዳውያን ጥናት ከኢትዮጵያ የእርሻ መሬት ሳይተካ የሚወጣውን ናይትሮጅን ብቻ በሄክታር በዓመት 41 ኪሎ አድርሶት ነበር። ዝናብ በሚበዛባቸው በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ደጋዎች ደግሞ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ እየታጠበ አፈሩ ኮምጥጧል። በአገሪቱ በኮምጣጣነት የተጠቃው የእርሻ መሬት 43 ከመቶ ያህል መሆኑ በተደጋጋሚ ተነግሯል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይም በዓባይ በረሃ አፋፍ፣ በደጀን አካባቢ ሞልቷል። ተፈጭቶ ማሳ የደረሰው ግን ከሚያስፈልገው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። የፋግታ ለኮማ ገበሬ መሬቱ እህል አልሰጥ ሲለው ዲከረንስ የተባለውን የባሕር ማዶ ግራር ተክሎ ወደ ከሰል ንግድ ዞረ። ለገበሬው ብልኃት ነው፤ ለመንግሥታቱ ግን ማፈሪያ ነው።

«ማዳበሪያ ገብቷል አይደለም ወይ?» የሚለን አይጠፋም። ገብቷል። በ1960ዎቹ ዓመተ ምሕረት መባቻ በስዊድን ርዳታ አሰላ ላይ ከተቋቋመው ካዱ ጀምሮ፣ በንጉሡም በደርግም በኢሕአዴግም ዘመን ለገበሬው የተሰበከው ስብከት አንድ ነበር፤ ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ፤ ለቀዩም ለጥቁሩም፣ ለደጋውም ለቆላውም። ዳፕና ዩሪያ የያዙት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው። ሌላው ሁሉ ከአፈሩ ሳያልቅ ይኖራል ተብሎ ታሰበ። የአፈር መረጃ ሥርዓት የተባለው ብሔራዊ የካርታ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ያን ጊዜ ነው ድኙም፣ ቦሮኑም፣ ዚንኩም በሰፊው መጉደሉ በአገር ደረጃ የተመዘገበው። ዳፕ በኤንፒኤስ ተተካ፤ ድኝ ተጨመረ ማለት ነው። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አንድን ሰው ሽሮና በርበሬ ብቻ እያበሉ «ለምን አልወፈርክም?» ሲሉት እንደመኖር ነው። እሱም ቢሆን በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ጠፍቶ የአማራ ክልል ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ ለአቤቱታ መጥተው እንደነበር አንባቢ አይዘነጋም።

አሁን ከማሳው ወደ አካሉ እንለፍ። ተክል ዚንክን ከአፈር እንጂ ከሰማይ አያገኝም፤ ሕፃን ደግሞ ያለ ዚንክ አያድግም፣ ተቅማጥንና የሳንባ ምችን የመቋቋም ኃይሉም ይደክማል። ሴሌኒየም ከማነሱ የተነሣ በሚዛን የማይያዝ ቢመስልም፣ የእንቅርት ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን ሥራ ላይ የሚውለው በእርሱ አማካይነት ነው። እንግዲህ አዮዲን የጎደለው ሕፃን ሴሌኒየምም ሲጎድለው ነገሩ አባቶቻችን እንዳሉት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል። ይህ ተረት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአገራችን ገጠር ለትምህርት ቤት ባልደረሱ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን፣ የሴሌኒየም እጥረትንና የደም ማነስን ከአእምሮ ችሎታ መድከም ጋር ተያይዘው አግኝቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የአዲስ አበባና የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከአማራ፣ ከኦሮሚያና ከትግራይ ማሳዎች የሰበሰቡትን እህል መርምረው፣ ካልሲየሙ፣ ብረቱ፣ ሴሌኒየሙና ዚንኩ ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳዩ። ያመረተውን በሚበላ ሕዝብ ዘንድ ሰው የሚኖርበት ቦታ ምን ያህል ማዕድን ከእህሉ እንደሚያገኝ ይወስናል። በሌላ አነጋገር አንዲት እናት የምታገባበት ቀበሌ የልጇን አካል ይወስንላታል።

የአዮዲኑ ታሪክ ሙሉ በሙሉ የፖለቲካ ታሪክ ነው። ደጋው በጎርፍ አዮዲኑን ካጣ ቆይቷል፤ ጉድለቱን መሙላት የሚቻለው በጨው ነው። ጨዋችን ከአሰብ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ጦርነቱ ሲነሣ ያ በር ተዘጋና አገሩ አዮዲን ያልገባበትን የአፍዴራን ጨው በላ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ብሔራዊ ጥናት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 35.8 ከመቶው እንቅርት እንዳለባቸው ገለጠ። ጨው ሁሉ አዮዲን ይግባበት የሚለው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሁለት መንግሥታት ስለ ባድመ ሲዋጉ እንቅርቱ የበቀለው በእናቶች አንገት ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ጤፍን ሳናነሣ አናልፍም፤ በስደት የምንጽናናበት ነውና። በየኦስሎው ሱቅ «በብረት የበለጸገ» ተብሎ ሲሸጥ ደረታችንን እንነፋለን። አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከዚያ ታላቅ የብረት መጠን ብዙው የእህሉ የራሱ ሳይሆን በአውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ የሚቀላቀለው አፈር መሆኑን አሳይቷል። ሰው ሲራገም «አፈር ብላ» ይላል። እኛ ግን ያለ እርግማን በልተነው ኖረናል፤ ያም የአፈር ብረት ሰውነት በቀላሉ የማይወስደው ነው።

ለምን ይህን በላምበርትሴተር እናወራለን? ይህ የምንሰበሰብበት ሰፈር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከመታነጹ በፊት እርሻ ነበር፤ ስሙንም የወረሰው ከዚያው እርሻ ነው። የኖርዌይ አፈር በሴሌኒየም ድሃ ነው፤ ከእኛው ደጋ አይሻልም። ነገር ግን ኖርዌጂያዊው ለብዙ ዘመን ዳቦውን የጋገረው ከሰሜን አሜሪካ በመጣ፣ ሴሌኒየም በሞላበት ስንዴ ስለነበር አልተጎዳም። የላምበርትሴተር ነዋሪ የላምበርትሴተርን አፈር አይበላም። ዓሣው ከባሕር፣ ስንዴው ከሌላ አገር፣ ብርቱካኑ ከስፔን ይመጣለታል፤ የአንዱ አፈር ጉድለት በሌላው ይሸፈንለታል። የጎጃም ገበሬ ግን የሚበላው አንዲቱን ማሳውን ነው፤ እርሷ ስትደኸይ እርሱም በአጥንቱ ይደኸያል። በዓለም ላይ ያለው የመደብ ልዩነት እስከዚህ ድረስ ይዘልቃል።

ፊንላንድ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደች። አፈሯ ሴሌኒየም እንደሌለው ባወቀች ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 መንግሥቷ ወስኖ ከተከታዩ ዓመት ጀምሮ በማዳበሪያው ሁሉ ላይ እንዲጨመር አደረገ፤ በጥቂት ዓመታትም የሕዝቡ ደም ተለወጠ። 1984ን ልብ በሉልን። በዚያው ዓመት መስከረም በአዲስ አበባ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በመብራት ሲከበር ወሎና ትግራይ በረሃብ ይረግፉ ነበር። አንዱ መንግሥት ገና ያልታየን ሕመም ከማሳው ሲከላከል፣ ሌላው በዓይን የሚታየውን ሬሳ ይደብቅ ነበር። ወንድማችን «ከጥጋብ በኋላ» ሲሉ እንግዲህ ይህን ያስታውሱልን።

በተቃራኒው ጫፍ የቆሙትንም አንተዋቸውም። በየማኅበራችን ዝግጅት ላይ ጠርሙስ ይዘው እየዞሩ «የዓለም አፈር አልቋል፣ ምግብ ሁሉ ባዶ ነው፣ ይህን ክኒን ዋጡ» የሚሉ አሉ። ይህም ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ለነጋዴ ይበቃዋል። በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ ከ1843 ጀምሮ ሳይቋረጥ ስንዴ በሚዘራበት ማሳ ላይ የተደረገው ምርመራ፣ የእህሉ ዚንክና ብረት ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ መቀነሱን፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ግን አለመቀነሱን አሳይቷል። ምክንያቱ አጭር አገዳና ብዙ ምርት ያላቸው አዳዲስ ዘሮች ናቸው፤ ፍሬው ሲበዛ ማዕድኑ ሳሳ። ስለዚህ ነገሩ አፈርም፣ ዘርም፣ አሠራርም ነው። ሴሌኒየም ሲበዛ ደግሞ መርዝ ስለሆነ ያለ ምርመራ መዋጥም ማሳ ላይ መበተንም አደጋ አለው። ኦስሎ ውስጥ ክኒን የሚገዛ ስደተኛ የአዊን አፈር አይፈውስም።

ሥራው ያለው ማሳው ላይ ነው። ኖራው ተፈጭቶ ይድረስ፤ የማገዶ ነገር መፍትሔ አግኝቶ ኩበቱ ወደ ማሳ ይመለስ፤ ዚንክና ሴሌኒየም ካርታው ባሳየው ቦታና መጠን ይጨመር፤ ካርታውም በቢሮ ተቆልፎ አይቅር፣ ገበሬው የገዛ አፈሩን ውጤት በገዛ ቋንቋው ይያዘው። ይህን ለመጠየቅ ሥልጣን እስኪያዝ መጠበቅ አያሻም። ከዚህ በባቡር ጥቂት መንገድ በሚያስኬደው በኦስ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ስለ አገራችን አፈር የመመረቂያ ጽሑፍ የጻፉ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ጽሑፎቻቸው በእንግሊዝኛ ተጽፈው መደርደሪያ ላይ ናቸው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ የሚመልሳቸው ሰው እንፈልጋለን፤ ክበባችን ለዚህ ሥራ ሁለት ምሽቶችን መድቧል።

የተቃወሙን ወንድማችን መልስ እንደሚጽፉ ነግረውናል። በሚቀጥለው እትም አራት ገጽ ይዘንላቸዋል፤ ካነሰም እንጨምራለን።