ውሃ አትፈራም የተባለችው ካሜራ



በዚህ ሳምንት አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «አሜሪካ ያለው ወንድሜ በሰው እጅ የቪዲዮ ካሜራ ሊልክልኝ ነው። ኪስ የምትገባ፣ ውሃ የማትፈራ፣ ብትወድቅም የማትሰበር ትሁን ብዬዋለሁ። የቷን ልበለው?»

አይ ወንድሜ! ይህን ነገር እኔ የተማርኩት በራሴ ገንዘብ ሳይሆን በእህቴ ላብ ነው።

እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ እንዲህ ያለች ካሜራ ገዝታ ላከችልኝ። አደራዋ «እማዬን ቅረጪልኝ» የሚል ብቻ ነበር። የጥምቀት ለት ጃንሜዳ ይዣት ወጣሁ። ጠበሉ እናቴ ፊት ላይ ሲያርፍና እልል ስትል ቀረጽኩ። ቤት ስገባ አቧራዋ እንዲለቅ ብዬ ባልዲ ውስጥ ነከርኳት። ምን ዋጋ አለው፣ እስከ ወዲያኛው ጭጭ አለች! ለካስ ጠዋት ቻርጅ አድርጌያት የጎኗን ክዳን በደንብ አልገጠምኩትም። ጥፋቱ የካሜራዋ ሳይሆን የኔው ነበር።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ወሬ ትተህ ቁጥሩን ጠይቅ። «አይፒ 67» የሚል ካየህ፣ 6 ማለት አቧራ አያስገባም፣ 7 ማለት ደግሞ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ትቆያለች ማለት ነው። ይህም አዲስ ሳለች፣ በንጹህ ውሃ ነው እንጂ በሳሙና፣ በፍልውሃ ወይም በባሕር ጨው አይደለም።

ሁለተኛ፣ አሮጌ እንዳይልክልህ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣችው የኮዳክ ፕሌይስፖርት ኪስ ትገባለች፣ እስከ 3 ሜትርም ትጠልቅ ነበር። ግን ኮዳክ በ2012 የካሜራ ሥራውን ስላቆመ፣ ዛሬ የምትገኘው ያገለገለችዋ ናት። የክዳኗ ላስቲክ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ የ3 ሜትሩ ነገር ተረት ነው። ሻል ያለ ካስፈለገህ በ2016 የወጣችው ጎፕሮ ሂሮ 5 ብላክ ያለ ተጨማሪ ሽፋን 10 ሜትር ትገባለች። በ2019 የወጣችው ኦሊምፐስ ቲጂ 6 ደግሞ 15 ሜትር ትጠልቃለች፤ ከ2.1 ሜትር ብትወድቅም እንድትችል ሆና ነው የተሠራች።

ሦስተኛ፣ ድምፅ! ውሃ እንዳይገባ የተደፈነ ማይክ ድምፅ ሊያፍን ይችላል። ወንድምህ ከመላኩ በፊት የሰው ወሬ ቀርጾ ያዳምጥ። እልልታው ካልተሰማ ሥዕሉ ብቻውን ምን ያደርጋል?

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፣ እንዳትቀየመኝ። ለዋና ሳይሆን ለዝናብና ለአቧራ ብቻ ከፈለግካት፣ የያዝከውን ስልክ ቁጥር እይ። እሱም 67 ወይም 68 ከሆነ የወንድምህን ገንዘብ ለሌላ ቁም ነገር አውለው።

ከመጣችልህ ደግሞ ከውሃ በፊት ክዳኗን አይተህ ዝጋ፤ ላስቲኩ ላይ ፀጉር ወይም አሸዋ ካለ ጥረግ። ከባሕርም ከጭቃም ስትወጣ በንጹህ ውሃ አለቅልቃት፤ ሳትደርቅ እንዳትከፍታት። የቀረጽከውንም ሳትተኛ ሌላ ቦታ ገልብጥ።

እኔ ይህን አላደረግኩም። ካሜራዋ መሞቷን ለእህቴ ለመንገር ሦስት ሳምንት ፈራሁ። በመጨረሻ ደውዬ ስነግራት ስለ ገንዘቡ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። «የእማዬ እልልታስ?» አለችኝ።

ደግነቱ ካርዱን አውጥቼ አድርቄው ነበር። «አለ» አልኳት። ሁለታችንም አለቀስን።

ሳምንት ሰው ይበለን!