ሴራሚክ የሚሸጥ ነጋዴ ስለ መጋጠሚያው ንጽሕናም ያስረዳ

ከቦሌ እስከ ገርጂ፥ ከገርጂም እስከ ሳሚትና እስከ አያት ድረስ በተዘረጋው የከተማችን ምሥራቃዊ ክፍል አዲስ ቤት የማይሠራበት ወይም አሮጌው የማይታደስበት ሰፈር ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ስለዚህም ሴራሚክ፥ የሴራሚክ ማጣበቂያና ግራውት የሚሸጡ ሱቆች በየመንገዱ ዳር ተደርድረው ይታያሉ። የንግዱ መስፋፋት የሚያስደስት ነው። ይሁን እንጂ ዕቃው ከሱቅ ወጥቶ በግድግዳ ላይ ከዋለ በኋላ ስለሚደርስበት ነገር በነጋዴው በኩል የሚደረገው ጥንቃቄ ከንግዱ ስፋት ጋራ የተመጣጠነ ሆኖ አልተገኘም። ይህን አሳብ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም በሁለት ሴራሚኮች መካከል የሚቀረው ቀጭን መጋጠሚያ በማጣበቂያ ተሞልቶ እንዳይደርቅ ስለ መጠበቅ ነው።

በንግድ ቤት ጸሐፊነት የደንበኞችን ቅሬታ መመዝገብ ከሥራዬ አንዱ ክፍል ነው። ስለ ግራውት የሚቀርበው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ቀለሙ ተዥጎረጎረ፥ ተሰነጠቀ፥ ተፈርፍሮ ወደቀ የሚል ነው። ገዢው በባለ ሱቁ ያማርራል፤ ባለ ሱቁ በአስመጪው ያማርራል፤ አስመጪውም ዕቃው ብልሹ ነው ብሎ ወደ ፋብሪካው ይጽፋል። ነገር ግን ከግድግዳው የወደቀውን ግራውት በእጁ ይዞ የተመለከተ ሰው ብዙ ጊዜ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ ሆኖ ያገኘዋል። ከሥሩም የደረቀ ማጣበቂያ መጋጠሚያውን እስከ አፉ ሞልቶት ይታያል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ጥፋቱ የግራውቱ አይደለም፤ ማደሪያ ስፍራ ስለ ተነፈገው ነው።

ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። ግራውት የሚጠነክረው በቂ ጥልቀት ሲያገኝ ነው። በሙያው የተለመደው መመሪያ ከሴራሚኩ ውፍረት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ለግራውት ነጻ ሆኖ እንዲቀር ያዛል። የሴራሚኩ ውፍረት 9 ሚሊ ሜትር ቢሆን 6 ሚሊ ሜትሩ ባዶ መሆን አለበት ማለት ነው። ማጣበቂያው ወደ ላይ በወጣበት ስፍራ ግን ግራውቱ 1 ሚሊ ሜትር ያኽል ብቻ ሊያርፍ ይችላል። በአንድ መስመር ላይ ጥልቅ የሆነውና የሳሳው ክፍል በተለያየ ፍጥነት ስለሚደርቁ ቀለሙ ይለያያል፤ የሳሳውም ክፍል ቀድሞ ይሰነጠቃል። በነጭ ግራውት ሥር ግራጫ ማጣበቂያ ብቅ ብሎ ሲታይ ደግሞ ግድግዳው በአዲስነቱ ያረጀ ይመስላል። በግራውት ፈንታ ነጭ ሲሚንቶ የሚሞሉ ሰዎችም ከዚህ ችግር አያመልጡም።

መጋጠሚያው ቀጭን ስለ ሆነ ጥቂት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ሒሳቡን ይመልከት። 30 በ60 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሴራሚክ የተሠራ ግድግዳ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 5 ሜትር ያኽል መጋጠሚያ ይኖረዋል። የግድግዳው ስፋት 20 ካሬ ሜትር በሆነ የመታጠቢያ ክፍል ውስጥ 100 ሜትር መጋጠሚያ አለ ማለት ነው። ሴራሚኩ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ደግሞ ርዝመቱ እጥፍ ሆኖ 200 ሜትር ይደርሳል።

ይህ ጉዳይ በምሥራቅ አዲስ አበባ በይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሥራ በሙከራ መልክ የተጀመረው በቦሌ ገርጂ በ1996 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ በሳሚት፥ በአያት፥ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ ብዙ ሕንፃዎች ተሠርተዋል። ከባለ ዕጣዎቹም ብዙዎቹ የቤታቸውን የውስጥ ሥራ የጨረሱት በገዛ ገንዘባቸው ነው። እነዚህ ሰዎች ከደመወዛቸው ቆጥበው፥ ከዕቁብ ጨምረው፥ ሴራሚኩን በካሬ ቆጥረው የሚገዙ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ በጅቡቲ በኩል ሞጆ ደርሶ የሚራገፈው ዕቃ ምን ያኽል እንደ ተወደደ ለአስመጪዎች መንገር አያስፈልግም። አንድ ጊዜ የተበላሸውን ግድግዳ አፍርሶ እንደ ገና ለማልበስ አቅም ያለው ሰው ጥቂት ነው።

ከመልክ በላይ የሆነም ጉዳት አለ። ግራውት ብቻውን ውኃ እንዳያልፍ የሚከለክል አይደለም፤ ከሥሩ ያለው የውኃ መከላከያ ሥራ የራሱ ድርሻ አለው። ይሁን እንጂ መጋጠሚያው ተሰነጣጥቆ ሲከፈት በመታጠቢያ ክፍል የሚፈሰው ውኃ ወደ ግድግዳው ውስጥ መግቢያ ያገኛል። አንዱ በሌላው ራስ ላይ በሚኖርበት ሕንፃ ውስጥ የላይኛው ቤት ውኃ ለታችኛው ቤት ጣሪያ ጠንቅ ሲሆን የጎረቤት ፍቅር እስከ መቀዝቀዝ ይደርሳል።

መከላከያው ግን ቀላልና ርካሽ ነው። በመጀመሪያ፥ ማጣበቂያው ጥርስ ባለው ማሰራጫ ብረት ተበጥሮ በእኩል ውፍረት ይሰራጭ እንጂ በሴራሚኩ ጀርባ አራትና አምስት ስፍራ በጉብታ አይለጠፍ። በጉብታ የተለጠፈው ሴራሚኩ ሲጫን ወደ ጠርዙ ይሸሻል፤ በመካከሉም ባዶ ስፍራ ይተዋል። የጥርሱም መጠን ከሴራሚኩ ጋራ ይስማማ፤ ለትንሹ 6 ሚሊ ሜትር ሲበቃ ለትልቁ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፥ ሠራተኛው በአንድ ጊዜ የሚያሰራጨው ማጣበቂያ ቆዳ ሳያበጅ ሊሸፍነው የሚችለውን ያኽል ብቻ ይሁን። ብዙዎቹ ማጣበቂያዎች ከተሰራጩ በኋላ የሚታገሡት 20 ደቂቃ ያኽል ሲሆን፥ በበጋው ደረቅ አየር ይህም ያጥራል። ቆዳ ባበጀው ላይ ሌላ ማጣበቂያ ሲደረብ ትርፉ ወደ መጋጠሚያው ይወጣል። ሦስተኛ፥ ሴራሚኩ በስፍራው ፊት ለፊት ይጫን እንጂ ከሩቅ እየተንሸራተተ ወደ ጎረቤቱ አይገፋ፤ የተገፋ ሴራሚክ ማጣበቂያውን እንደ አካፋ እየዛቀ በመጋጠሚያው ውስጥ ይከምረዋልና።

ከሁሉም የሚበልጠው አራተኛው ነው። ጥቂት ሴራሚኮች እንደ ተለጠፉ፥ ማጣበቂያው ገና ለስላሳ ሳለ፥ ወደ መጋጠሚያው የወጣው ሁሉ በቀጭን እንጨት ተጠርጎ ይውጣ፤ የሴራሚኩም ፊት በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ ይወልወል። ውኃ የሚያንጠባጥብ ስፖንጅ ግን ማጣበቂያውን ስለሚያቀጥነው አይበጅም። ግራውት ከመሞላቱ በፊትም በከረጢቱ ላይ የታዘዘው ጊዜ፥ ብዙውን ጊዜ 24 ሰዓት፥ ይጠበቅ፤ ርቀት ለመጠበቅ የገቡት የመስቀል ቅርጽ ያላቸው ፕላስቲኮችም ይነቀሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፥ በዕለቱ የጥቂት ደቂቃ ጽዳት የነበረው ሥራ በማግሥቱ የቢላዋና የመፋቂያ ሥራ ይሆናል፤ በመፋቁም ጊዜ የሴራሚኩ ጠርዝ ይሸረፋል።

«ይህ የሠራተኛው ሙያ ነው፤ ነጋዴውን ምን አገባው?» የሚሉ ይኖሩ ይሆናል። በእርግጥ ሥራው የሠራተኛው ነው። ነገር ግን ሠራተኛው ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በካሬ ሜትር ስለ ሆነ ለጽዳት የሚያጠፋው ጊዜ ከኪሱ የሚወጣ ይመስለዋል። በከረጢቱ ላይ የታተመውም መመሪያ ብዙ ጊዜ በባዕድ ቋንቋ ስለ ሆነ ሊያነበው አይችልም። የቤቱ ባለቤት ደግሞ ግራውቱ ከተሞላ በኋላ ከሥሩ ያለውን ለማየት አይችልም። በሦስቱ መካከል ዕቃውንም መመሪያውንም የሚያውቀው ነጋዴው ነው። ከዚህም በላይ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፥ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለ አጠቃቀሙ ማስረዳትም ከዚህ አዋጅ መንፈስ የራቀ አይመስለኝም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንዲደረግ አሳቤን አቀርባለሁ። አንደኛ፥ አስመጪዎች በሚያስመጡት ማጣበቂያና ግራውት ልክ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ፥ በሥዕል የተደገፈ፥ በአማርኛ የተጻፈ መመሪያ አሳትመው ለየሱቁ ያድሉ። ወጪው ከአንድ ተመላሽ ጭነት ኪሣራ እጅግ ያነሰ ነው። ሁለተኛ፥ ባለ ሱቆች ማጣበቂያ ለሚገዛ ሰው ጥርስ ያለውን ማሰራጫ፥ ፕላስቲኮቹንና ስፖንጁን አብረው ያሳዩት፤ ከሠራተኛው ጋራ ሲዋዋልም መጋጠሚያው ጸድቶ ሳይታይ ግራውት እንዳይሞላ፥ የመጨረሻውም ክፍያ ከዚያ በፊት እንዳይፈጸም ይምከሩት። ለጽዳቱ የሚጠፋው ጊዜ በካሬው ዋጋ ውስጥ ቢታሰብ ደግሞ ሠራተኛው አይበደልም። ሦስተኛ፥ ንግድ ምክር ቤታችን ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ጋራ ተነጋግሮ በሥራ ላይ ላሉ የሴራሚክ ሠራተኞች አጭር ትምህርት የሚሰጥበትን መንገድ ቢያመቻች፥ የዕቃው ወጪ በአባል ነጋዴዎች ሊሸፈን ይችላል።

ገዢ የሚያስታውሰው ሴራሚኩን የገዛበትን ቀን ሳይሆን በየማለዳው ፊቱን ሲታጠብ የሚያየውን ግድግዳ ነው። መስመሩ ቀጥ ብሎ፥ ቀለሙ አንድ ሆኖ፥ ሳይሰነጠቅ የቆየለት እንደ ሆነ፥ ለወንድሙና ለጎረቤቱ የሚጠቁመው ዕቃውን የገዛበትን ሱቅ ነው። በጽዳቱ ምክንያት የተበላሸበት እንደ ሆነም የሚነቅፈው ያንኑ ሱቅ ነው። እንግዲህ ስማችን በሰው ግድግዳ ላይ ተጽፎ የሚኖር ከሆነ፥ ጽሕፈቱ የሚነበብ እንዲሆን አስቀድመን ብንጠነቀቅ የሚበጅ መሆኑን ለክቡራን የምክር ቤቱ አባላት በትሕትና አሳስባለሁ።