የወላጅ ኮሚቴ ምርጫና የትምህርት ቤት ተጠያቂነት፦ ከአቦምሳ አንጻር የቀረበ ትንተና

በትምህርት ዘመኑ መግቢያ የወላጆች ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ አብዛኛው ወላጅ የሚጠብቀው ስለ ምዝገባ፣ ስለ ደንብ ልብስና ስለ መዋጮ የሚሰጥ ማሳሰቢያን ነው። የስብሰባው ዋና ቁም ነገር ግን ብዙ ጊዜ ወደ መጨረሻው፣ ከተሰብሳቢው ከፊሉ ወደየጉዳዩ ከሄደ በኋላ ይመጣል። እርሱም የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) አባላት ምርጫ ነው። በችኮላ ስም ተጠርቶ፣ እጅ ወጥቶ፣ በጭብጨባ የሚጠናቀቀው ይህ ምርጫ በቀጣዮቹ ዓመታት የትምህርት ቤቱ ገንዘብ በምን ላይ እንደሚውልና የወላጅ ቅሬታ ማን ዘንድ እንደሚሰማ የሚወስኑ ሰዎችን ይሰይማል።

ይህ ጽሑፍ በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአቦምሳና በዙሪያዋ የሚኖሩ ወላጆችን ታሳቢ አድርጎ የኅብረቱን አመጣጥ፣ ሥልጣኑንና ድክመቱን ይመረምራል።

ከሕዝብ ጉልበት ወደ ሕዝብ ውሳኔ

የአርሲ ሕዝብ ለትምህርት ቤት ግንባታ እጁን መዘርጋት የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1950ዎቹ ማብቂያ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በአገሪቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲሠሩ የወጪው ከፊል በየአካባቢው ሕዝብ ይሸፈን ነበር። በዚያ ዘመን ግን ሕዝቡ ድንጋይና እንጨት ከማቅረብ አልፎ በትምህርት ቤቱ አስተዳደር ላይ የሚወስንበት የጸና ሥርዓት አልነበረም። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ትምህርት ቤቶች በሕዝብ ኮሚቴ እንዲተዳደሩ ተደነገገ፤ በ1976 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 260ም የትምህርት ቤት አስተዳደርን ለማጠናከር ያለመ ነበር። ይሁን እንጂ የኮሚቴዎቹ አሠራር ከገበሬና ከከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ወላጅ እንደ ወላጅ የነበረው ድምፅ ውስን ነበር።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አስተዳደር ያልተማከለ እንዲሆን ወሰነ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ በጀትና ውሳኔ ወደ ወረዳ ሲወርድ፣ ትምህርት ሚኒስቴር የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያን አወጣ። የዛሬዎቹ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድና የወላጆች ኅብረት መሠረት ይህ መመሪያ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል።

ሁለት አካላት፣ ሁለት የሥልጣን ምንጮች

ወላጆች ብዙ ጊዜ ቦርዱንና ኅብረቱን አንድ አድርገው ይመለከቷቸዋል። ልዩነታቸው ግን መሠረታዊ ነው። የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ በቀበሌ አስተዳዳሪው ሰብሳቢነት የሚመራ ሲሆን፣ አባላቱም በአብዛኛው በያዙት ኃላፊነት ወይም ወክለውት በሚመጡት ማኅበር ምክንያት የሚቀመጡ ናቸው። የወላጆች ኅብረት ግን ሥልጣኑን የሚያገኘው ከጉባኤው ነው። አባል የሚሆነው ወላጅ የተመረጠው ልጁን በዚያ ትምህርት ቤት ስለሚያስተምርና ሌሎች ወላጆች ስላመኑት ብቻ ነው።

ከዚህ ልዩነት አንድ ዐቢይ ነጥብ ይከተላል። በሌሎች አገሮች፣ ለምሳሌ በአሜሪካ፣ ነዋሪው በአብዛኛው የትምህርት ቦርዱን ራሱን በድምፅ መስጫ ወረቀት ይመርጣል። በእኛ አገር ወላጅ በቀጥታ የሚመርጠው ኅብረቱን ነው፤ በቦርዱ ውስጥም የወላጅን ድምፅ የሚያሰማው ከኅብረቱ የሚወከለው ሰው ነው። የኅብረቱ ምርጫ ለይስሙላ ከተደረገ ቦርዱ ውስጥ የሚቀረው የጽሕፈት ቤቶች ድምፅ ብቻ ይሆናል።

የኅብረቱ ሥራም ቀላል አይደለም። በትምህርት ቤቱ ዓመታዊ ዕቅድ ዝግጅት ይሳተፋል፤ የበጀት አጠቃቀምን ይከታተላል፤ በተማሪዎች ሥነ ምግባር፣ በማቋረጥና በመቅረት ጉዳይ ከመምህራን ጋር ይመክራል፤ በመምህራን የሥራ አፈጻጸም ላይም አስተያየት ይሰጣል። በመኸር ወቅት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሕፃናት ለአጨዳና ለጥበቃ ከክፍል ሲቀሩ ወላጅን በወላጅነት አነጋግሮ ልጅን ወደ ትምህርት መመለስ የሚችለው ከርእሰ መምህሩ ደብዳቤ ይልቅ ይህ አካል ነው።

የገንዘቡ ጉዳይ

የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር የሚሰላ የድጎማ በጀት በእጃቸው መያዝ ጀመሩ። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም ደግሞ ሥራውን በአራት ዐበይት ርእሶች ከፍሎታል፤ እነዚህም መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ ናቸው። በመሆኑም የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ከድጎማ፣ ከውስጥ ገቢና ከሕዝብ መዋጮ የሚሰበሰብ ሲሆን፣ ሦስቱንም መከታተል የኅብረቱ ድርሻ ነው።

ክትትል ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ የዩጋንዳ ተሞክሮ በግልጽ ያሳያል። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 1995 ለትምህርት ቤቶች ከተመደበው ድጎማ በአማካይ ትምህርት ቤት የደረሰው 13 በመቶው ብቻ እንደነበር በጥናት ተረጋገጠ። መንግሥት የተላከውን ገንዘብ መጠን በጋዜጣና በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ማሳወቅ ከጀመረ በኋላ ግን የሚደርሰው ድርሻ ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። ለለውጡ ሌሎች ምክንያቶችም ተጠቅሰዋል፤ ሆኖም ቁጥሩን የሚያውቅ ወላጅ መጠየቅ ይችላል፤ የማያውቅ ግን የሚጠይቀው ነገር አይኖረውም።

ይህ ጉዳይ ለአገራችን ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ አንገብጋቢ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከደረጃ በታች መሆናቸው በይፋ ተገልጾ «ትምህርት ለትውልድ» የተሰኘው ንቅናቄ ሲጀመር ሕዝቡ በገንዘብ፣ በዕቃና በጉልበት እንዲያግዝ ጥሪ ቀርቧል። ሕዝብ ብዙ በተጠየቀ ቁጥር ብዙ ሊነገረው ይገባል። መዋጮው አድጎ ሪፖርቱ ባለበት ከቆመ የሚጎዳው በሕዝቡና በትምህርት ቤቱ መካከል ያለው መተማመን ነው፤ መተማመን ሲላላ ደግሞ ቀጣዩ ጥሪ ሰሚ ያጣል።

ምርጫው የሚዳከምባቸው ምክንያቶች

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። በገበያ ቀን ወይም በሥራ ሰዓት የሚጠራ ጉባኤ ነጋዴውን፣ የቀን ሠራተኛውንና ከሩቅ የሚመጣውን አርሶ አደር ያስቀራል። በዚህ ሁኔታ የሚመረጡት ሁልጊዜ የሚገኙት ጥቂት ሰዎች ይሆናሉ።

ሁለተኛው የእናቶች ድርሻ ነው። የልጅን የጥናት ሁኔታ፣ መቅረትና ሕመም በቅርብ የምታውቀው ብዙ ጊዜ እናት ናት። ይሁን እንጂ እናቶች በስብሰባ በቁጥር በዝተው በጥቆማ ሲያንሱ ይታያል። የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት፣ የውኃ አቅርቦትና ያለዕድሜ ጋብቻ በአጀንዳ የሚያዙት እናቶች በኅብረቱ ሲቀመጡ ነው።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። እንደ አቦምሳ አፋን ኦሮሞና አማርኛ በሚነገሩበት ከተማ የጉባኤው ቃለ ጉባኤና የሒሳብ ሪፖርት ለሁሉም ወላጅ በሚገባ መንገድ ካልቀረበ ከፊሉ ተሰብሳቢ ያልገባውን ነገር በጭብጨባ ያጸድቃል።

አራተኛው ከምርጫ በኋላ የሚመጣው ዝምታ ነው። የተመረጠ አካል በየጊዜው ወደ መራጩ ተመልሶ ካልዘገበ፣ ቀስ በቀስ የወላጅ ተወካይነቱ ቀርቶ የትምህርት ቤቱ መልእክተኛ ይሆናል።

ወላጆች ምን ማድረግ ይችላሉ?

ከጉባኤው በፊት የስብሰባውን ቀንና አጀንዳ ከትምህርት ቤቱ ይጠይቁ፤ ጊዜው ለብዙኃኑ የማይመች ከሆነ እንዲለወጥ በጋራ ያመልክቱ። በጉባኤው ላይ ከአዲስ ምርጫ አስቀድሞ የቀድሞው ኅብረት የሥራና የሒሳብ ሪፖርት እንዲያቀርብ ይጠይቁ። ዕጩዎች ልጆቻቸውን በትምህርት ቤቱ የሚያስተምሩና ለሥራው ጊዜ ያላቸው መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ እናቶችንም ይጠቁሙ። የድምፅ ውጤቱ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ያድርጉ።

ከምርጫው በኋላ ገቢና ወጪው በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ ይጠይቁ። መረጃ በተከለከሉ ጊዜ፣ በመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ያስታውሱ፤ ጥያቄው በጽሑፍ ቢቀርብ ለክትትል ይመቻል።

ቅሬታ በቅድሚያ ለትምህርት ቤቱና ለቦርዱ፣ ቀጥሎ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ መልስ ካልተገኘም ለዞንና ለክልል የትምህርት መዋቅሮች ይቀርባል። በዚህ ሂደት እልባት ያላገኘ የአስተዳደር በደል ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያለ ክፍያ ሊቀርብ ይችላል።

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» እንደሚባለው፣ መመሪያና አዋጅ ለወላጅ በሩን ይከፍታሉ እንጂ በወላጅ ፈንታ አይገቡም። የአንድ ከሰዓት በኋላ ጉባኤ እስከ ፍጻሜው መቀመጥ፣ የሚታመን ሰው መጠቆምና በዓመቱ አጋማሽ «የተሰበሰበው ገንዘብ ምን ላይ ዋለ?» ብሎ መጠየቅ ትልቅ ወጪ አይጠይቅም። የልጆቻችን ትምህርት ቤት የሕዝብ መሆኑ የሚረጋገጠው በዚህ ነው።