ከዓመት ዓመት የደረሱትን እናክብር

በበዓል ቀን ከሁሉ አስቀድሞ ከአንደበታችን የሚወጣው ቃል «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው ነው። ምላሹም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ይሆንና ምርቃቱ «ከዓመት ዓመት ያድርሰን» በሚለው ይደመደማል። የመስቀል በዓል በሚከበርበት በዚህ ዕለትም ይኸው ቃል ከደጅ ወደ ደጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲተላለፍ ይውላል። የምርቃቱን ፍች ቆም ብሎ ላሰበ ሰው ግን ከዓመት ዓመት መድረስ ማለት ሌላ ሳይሆን ማርጀት ማለት ነው። አንዳችን ለሌላችን የምንመኘው ረጅም ዕድሜን ነውና። እንግዲህ ምኞቱ ሰምሮላቸው ለሽምግልና የበቁት ወገኖቻችን ዛሬ እንዴት ይኖራሉ? የምርቃታችን እውነተኛነት የሚለካው ለዚህ ጥያቄ በምንሰጠው መልስ ነው።

መስቀል ከበዓላታችን መካከል ወላጅና ልጅ የሚገናኙበት በዓል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በተለይ በጉራጌና በሌሎች የደቡብ አካባቢዎች፣ ለሥራ ከቀዬው የወጣ ልጅ ዓመቱን የትም ቢሰነብት ለመስቀል ከወላጆቹ ቤት መግባቱ የቆየ ወግ ነው። በበዓሉ ትውፊትም ውስጥ የአረጋውያን ስፍራ ጉልህ ሆኖ ይታያል። ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ፍለጋ ወደ ኢየሩሳሌም በተጓዘች ጊዜ በዕድሜ የገፋች እናት ነበረች። መስቀሉ የተቀበረበትን ስፍራ የጠቆማትም ኪራኮስ የተባለ ሽማግሌ እንደ ነበር አበው ይተርካሉ። ሌላው የዘነጋውን ያስታወሰው አረጋዊ ነበር ማለት ነው።

ሆኖም መስቀል የሚውልበት ወራት ለሰሜን ምዕራብ ቆላችን የሰሊጥ አጨዳ ወራት ነው። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ካልታጨደ ፍሬው ከመሬት ይረግፋልና ቀጠሮ አይሰጥም። ስለሆነም በየዓመቱ በዚህ ወቅት እጅግ ብዙ ወጣቶች ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሁመራ ይወርዳሉ። በሌላው አካባቢ ልጅ ወደ ወላጁ ቤት በሚገባበት ሰሞን፣ በዚህ በኩል ልጅ ከወላጁ ቤት ይወጣል። ሠርቶ የሚያመጣው ገንዘብ ለወላጆቹም የሚተርፍ በመሆኑ ጉዞው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በደጋው ጎጆ የሚቀሩት እናትና አባት ውኃ የሚቀዳላቸው፣ ሲታመሙም ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳቸው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

የቆላው የራሱ አረጋውያን ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያሳስባል። የአፄ ቴዎድሮስ የትውልድ አገር የሆነው ቋራና ጎረቤቱ መተማ ለዘመናት ከሱዳን ጋር የሚያዋስኑ የዳር አገር ወረዳዎች ናቸው። የቋራ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በገለጉ ዙሪያም ሆነ በመተማ፣ በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. በተካሄደው የሰፈራ ፕሮግራም ከደጋው የመጡ በርካታ ቤተሰቦች ኑሯቸውን መሥርተዋል። ያን ጊዜ የአርባ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ስድሳን ተሻግሯል። ጫካ መንጥሮ፣ የቆላውን ሙቀትና ወባ ተቋቁሞ፣ ባዶውን መሬት ወደ ማሳ የለወጠው ትውልድ አሁን በመሸምገል ላይ ነው።

ይህ ሰው በትውልድ ቀዬው ቢሆን ኖሮ ወንድምና እኅት፣ አበልጅና የክርስትና ልጅ፣ ለብዙ ዘመን አብሮት የኖረ እድርተኛ በዙሪያው ነበረው። ሰፋሪ ግን ይህን ሁሉ ወደ ኋላው ትቶ የመጣ ነው። የእርጅናው ምርኩዝ ልጆቹና ጥቂት ጎረቤቶቹ ብቻ ናቸው። ልጆቹ ለሥራ ወደ ከተማ ወይም ወደ ሌላ አገር ቢሄዱ የሚተካቸው ዘመድ በአቅራቢያው የለም። በክረምት የቆላው ጥቁር አፈር ጭቃ ሆኖ መንገዱን ሲዘጋ፣ ለጎልማሳ የግማሽ ቀን መንገድ የሆነው ለእርሱ የማይሞከር ይሆናል። በዚያ ላይ አገሩ ትርፍ አምራች ነው ተብሎ የሚታወቅ በመሆኑ፣ በሰሊጡና በጥጡ ብዛት መካከል የሚኖር አቅመ ደካማ እንዳለ በቀላሉ ሊዘነጋ ይችላል።

ድንበርተኛነቱም የራሱን ሸክም ይጨምራል። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተቀሰቀሰ ጊዜ በመተማ ዮሐንስ በኩል ከገቡት መካከል በልጆቻቸው ትከሻ የተደገፉ አረጋውያን ይገኙ ነበር። ከዚያው ዓመት መገባደጃ ጀምሮ በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭትም ለደካሞች የከፋ መሆኑ አያጠያይቅም። ጠብ ሲነሳ ወጣቱ ይሸሻል፤ መራመድ የማይችለው ግን በቤቱ ይቀራል። ሰላም ሲጠፋ አስታርቁን ተብለው የሚጠሩት ሽማግሌዎች መሆናቸው ሲታሰብ፣ የጠቡን ዋጋ ከሁሉ አብልጠው የሚከፍሉትም እነርሱ መሆናቸው ያሳዝናል።

የአረጋውያን ችግር ሲነሳ የብዙዎቻችን አሳብ ወዲያው የሚሄደው ወደ ምጽዋት ነው። በበዓል ሰሞን ዱቄትና ዘይት ማካፈል፣ የደከመን ቤት ማደስ፣ ጧሪ ያጣን ሰው ማብላትና ማልበስ የተቀደሰ ተግባር ነው። እንደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ያሉ ተቋማት ከጎዳና አንሥተው ያኖሯቸውን ወገኖች ያየ ሁሉ የበጎ አድራጎትን ዋጋ አይጠራጠርም። ይሁን እንጂ አረጋዊ የሚያስፈልገው ጉርሻ ብቻ አይደለም። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ መሬቱና በገዛ ገንዘቡ ላይ ቃሉ እንዲሰማለት ይፈልጋል። ምሳውን አቅርበንለት ውሳኔውን ከነጠቅነው ሆዱ ጠግቦ ክብሩ ተራበ ማለት ነው።

ለገጠሩ አረጋዊ የነጻነቱ መሠረት መሬቱ ነው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ሕግ መሠረት ባለይዞታው መሬቱን መሸጥ አይችልም እንጂ ማከራየት፣ በውርስ ወይም በስጦታ ማስተላለፍ ይችላል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርም ይሰጠዋል፤ መሬቱ የጋራ ሲሆን የባልና የሚስት ስም በአንድነት ይሰፍርበታል። ስለዚህ ጉልበቱ የደከመ ገበሬ ማሳውን በእኩል ሰጥቶ ወይም አከራይቶ፣ የማንንም ፊት ሳያይ ሊኖር የሚችልበት መንገድ አለው። ያ ደብተር በእጁ እስካለ ድረስ ምራቱም ልጁም ተከራዩም ያማክሩታል።

አደጋው የሚመጣው «እኔ እጦርሃለሁ» በሚል ተስፋ ነው። ዓይኑ የደከመ፣ ፊደል ያልቆጠረ አባት ያልተነበበለት ወረቀት ላይ ጣቱን ያትማል። ኪራይ ነው የተባለው ስጦታ ሆኖ ይገኛል፤ ወይም ስጦታው ከተመዘገበ በኋላ ጡሩ ይቋረጣል። ባሏ የሞተባት እናትም ከሐዘኗ ሳትወጣ የባል ዘመዶች ወይም የእንጀራ ልጆች በማሳው ላይ ይነሡባታል። በዚህ ጊዜ የሚወሰደው የመሬት ቁራጭ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው በቤቱ የነበረው ስፍራ ነው። ትናንት የቤቱ አዛዥ የነበረ ሰው ዛሬ ለአንድ ብርጭቆ ውኃ የሌላውን ፊት ይመለከታል።

ባህላችን ታላቅን ያከብራልና በዚህ ረገድ ሕግ ምን ይጨምራል የሚሉ አሉ። እርግጥ ታላቅ ሲገባ ብድግ የሚል፣ «አባባ»፣ «እማማ» ብሎ የሚጠራ ሕዝብ ነን። ነገር ግን ያ ባህል የጸናው ወላጅና ልጅ፣ ዘመድና ጎረቤት በአንድ ቀዬ ይኖሩ በነበረበት ዘመን ነው። ሥራ ፍለጋው፣ ሰፈራውና ስደቱ ያን መተሳሰር አላልተውታል። ደግሞም ከመቀመጫ ብድግ ብሎ ቦታ የለቀቀ ሰው፣ በዚያው ቤት ስለ አረጋዊው መሬት ወይም መኖሪያ እርሱን ሳይጠይቅ ይወስን ይሆናል። የአክብሮት ቃል መብትን ካላስከተለ ከልማድነት አያልፍም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41፣ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን ድጋፍ እንዲያደርግ ይደነግጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ሆነ የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. ያወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ ለተቸገረ ወላጅ ቀለብ መስጠትን በልጅ ላይ የተጣለ ግዴታ አድርገውታል። ስለዚህ ወላጅን መጦር የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን በፍርድ ቤት የሚጠየቅ መብት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣቸው የአረጋውያን መርሆዎች ነጻነትን፣ ተሳትፎን፣ እንክብካቤን፣ ራስን ማሳደግንና ክብርን በአንድ ረድፍ ያስቀምጣሉ። የአፍሪካ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2016 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ስለ አረጋውያን መብት የተቀበለው ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ2024 በሥራ ላይ ውሏል፤ አገራችንም ካጸደቁት አንዷ ናት። እንግዲህ የጎደለው ድንጋጌ አይደለም። የጎደለው ድንጋጌው ከገለጉ የገበሬ ደጅ መድረሱ ነው።

ሌላው ክፍተት ጡረታ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው የጡረታ መብት ያገኘው ከብዙ ዘመን በፊት ነው፤ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የግል ድርጅት ሠራተኛውም ተካትቷል። ዕድሜውን ሙሉ አርሶ አገር የመገበ ገበሬና በሰው ማሳ ሲያጭድ የኖረ የቀን ሠራተኛ ግን በስተርጅናቸው የወር ገቢ የላቸውም። ይህ ለድኃ አገር የማይደፈር ዳገት አይደለም። ትንሿ ሌሶቶ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሰባ ዓመት ለሞላቸው ዜጎቿ፣ ገበሬም ሆኑ እረኛ፣ ወርኃዊ አበል ትከፍላለች። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. በ2016፣ ኬንያም በ2018 ተመሳሳይ መንገድ ጀምረዋል። አበሉ ጥቂት ቢሆንም የአረጋዊውን እጅ ከልመና ይጠብቃል፤ ለልጅ ልጁ እስክርቢቶ የሚገዛ አያት ያደርገዋል። እኛም ከሰባና ከሰማንያ ዓመት በላይ ከሆኑት በመነሣት ብንጀምር አቅማችንን በየደረጃው ልናሳድገው እንችላለን።

እስከዚያው ድረስ ገንዘብ ሳይጠይቁ ሊደረጉ የሚችሉ ሥራዎች አሉ። የቀበሌና የወረዳ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች የአረጋዊን ይዞታ የሚመለከት ውል ከመመዝገባቸው በፊት፣ ተጠቃሚው ባልተገኘበት ገለልተኛ ምስክሮች ፊት ወረቀቱን ለባለ ይዞታው አንብበው ፈቃዱን ይጠይቁ። ቀበሌዎች በየጎጡ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ለይተው ይወቁ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በጉብኝታቸው ቅድሚያ ይስጧቸው። መክፈል የማይችሉት በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በነጻ የሚታቀፉበት መብት በአሠራር እንዳይጓተት ይደረግ። እድሮች ሲሞት ድንኳን ከመትከል አልፈው ሳይሞት ደጁን ያንኳኩ። ቀባሪ መሆን የሚያስመሰግን ቢሆንም ጧሪ መሆን ይቀድማል። ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ወጣትም ወላጆቹን ለማን አደራ እንደ ሰጠ አስቀድሞ ይወስን።

ይህ ሁሉ የአንድ ሃይማኖት ተከታይ ግዴታ አይደለም። በመተማና በቋራ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ የደጋው ሰፋሪና የቆላው ነባር የጉሙዝ ወገን አብረው ይኖራሉ። በሁሉም ዘንድ ወላጅን ማክበር የእምነት ትእዛዝ ወይም የአበው ሕግ ነው። የዓለም የአረጋውያን ቀን ኦክቶበር 1 ቀን፣ ማለትም መስቀል በዋለ በቀናት ውስጥ የሚከበር በመሆኑ ሁለቱን አያይዞ ማሰብ ይቻላል። ደመራውን የዞሩ እግሮች በዚያው ሳምንት ወደ አንድ ብቸኛ አረጋዊ ቤት ጎራ ይበሉ። ሲገቡም «ምን እንስጥዎ?» ከማለት አስቀድመው «እርስዎ ምን ይላሉ?» ብለው ይጠይቁ።

ከዓመት ዓመት ያድርሰን ስንባባል የምንመኘው ነገ የእኛው ዕጣ ነው። ዛሬ ለአረጋውያን የምንሠራው ቤት ነገ የምንገባበት ቤት መሆኑን ማንም አይዘንጋ።

መልካም የመስቀል በዓል!